ሾጣጣ ጋን ለሻሸመኔ ጠላ
የጠማቂዋና የበያጁ ምልልስ

ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ መኪና እዚህ ሲደርስ አንዱ ወደ ሐዋሳ፣ አንዱ በኮፈሌና በዶዶላ አድርጎ ወደ ባሌ፣ ሌላው በሀላባ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ ይለያያል። እህሉም እንደ መንገዱ ነው፤ የኮፈሌ ገብስ፣ የቆላው በቆሎ፣ የአርሲ ስንዴ በከተማዋ ገበያ ይገናኛሉ። ጠላ ጠማቂ ለሆነች ሴት ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ቸግሯት የቆየው መያዣው ነው። ትልቅ የሸክላ ጋን እንደ ልብ አይገኝም፤ የፕላስቲክ በርሜል በየጓሮው ገብቷል፤ አሁን ደግሞ ከታች እየሾጠጠ የሚሄድ የማይዝግ ብረት መጥመቂያ በስልክ ምስል እየታየ ነው። ይህን መያዣ ከመግዛትም ከማሠራትም በፊት ሊጠየቅ የሚገባውን ሁለት ሰዎች ይነጋገሩበታል። ሰዎቹ የምናብ ናቸው፤ ጥያቄው ግን የብዙ ጓሮ ጥያቄ ነው።

ጠማቂዋ፦ ና ግባ ልጄ። ከሥራህ አስተጓጎልኩህ፤ ነገሩ ግን በስልክ የሚያልቅ አልሆነም። የብረት ጋን እንድትሠራልኝ ፈልጌ ነው።

በያጁ፦ እትዬ፣ እርስዎ ከጠሩኝማ ሥራው ይደርሳል። ጋኖችዎ ምን ሆኑ?

ጠማቂዋ፦ ያሉት ደኅና ናቸው። አንዱ ሲሰነጠቅ ግን የሚተካው አይገኝም። ደግሞም ለሠርግና ለማኅበር የሚያዝዙኝ ሰዎች የጠራ ጠላ ነው የሚሉኝ። አጥልዬ አጥልዬ እንኳ ከሥር ይደፈርሳል። ከሁሉ የባሰው፣ ጋኑን በከፈትኩ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን መኮምጠጥ ይጀምራል። የእህቴ ልጅ በስልኩ አንድ ዕቃ አሳየኝ፤ ከላይ በርሜል ነው፣ ወደ ታች እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ላይ ቧንቧ አለው። በውጭ አገር ሰው በየቤቱ ቢራ የሚጠምቅበት ነው አለኝ።

በያጁ፦ ዐውቀዋለሁ። ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ታንክ ሲበየድ ከባለሙያዎች ጋር ሠርቻለሁ፤ እነዚያ ረጃጅም ታንኮች ሁሉ ከታች ሾጣጣ ናቸው። ሊዮፖልድ ናታን የሚባል ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1908 የባለቤትነት መብት ያወጣበት። ከዚያ በፊት ፋብሪካዎች ቢራውን በአንድ ገንዳ አፍልተው፣ ወደ ሌላ ታንክ ገልብጠው ነበር የሚያቆዩት። ናታን ሁለቱን ሥራ በአንድ ዕቃ አደረገው። ዓለም በብዛት የተቀበለው ግን ቆይቶ ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው።

ጠማቂዋ፦ መሾጠጡ ታዲያ ምን አደረገለት?

በያጁ፦ ዝቃጩን ሰበሰበለት። ቢራ ሲፈላ እርሾው ይበዛል፤ ስኳሩ ሲያልቅበት እርስ በርሱ እየተያያዘ ይሰምጣል። ታንኩ ጠፍጣፋ መቀመጫ ቢኖረው ዝቃጩ በሰፊው ይነጠፋል፤ ቢራውን ሲቀዱ ይታወካል። ግድግዳው ካዘቀዘቀ ግን እርሾው ተንሸራትቶ ጫፉ ላይ ይከማቻል። ከታች ያለውን ቧንቧ ከፍቶ ዝቃጩን ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ ከላይ ያለው ቢራ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ዕቃውም አይከፈትም። የወጣው እርሾ ጤነኛ ከሆነ ለሚቀጥለው ጠመቃ ይውላል። የሾጣጣው ጥቅም ይኸው ነው፤ ጠላውን በራሱ አያጣፍጠውም።

ጠማቂዋ፦ እንግዲህ ስማኝ። የኔ ጠላ ቢራ አይደለም። ቢራ ጠማቂ ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ገለባውን አስቀርቶ ጭማቂውን ብቻ ነው የሚያፈላው ብለውኛል።

በያጁ፦ ልክ ነው፤ ከዚያም ይቀቅለዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ እርሾ ይጨምርበታል።

ጠማቂዋ፦ እኔ ጋኑን በግራዋ አጥቤ በወይራ አጥናለሁ። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ እጠነስሳለሁ። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ቂጣ ቆርሼ፣ ብቅል ጨምሬ እደፈድፋለሁ። ቀጥሎ እንኩሮውን አስገባለሁ፣ የጌሾውን እንጨት እጨምራለሁ። በመጨረሻ ውሃ ሞልቼ አፉን እመርጋለሁ። ገለባውም ዱቄቱም ጌሾውም ከጠላው ጋር ነው የሚሰነብተው። ያ ሁሉ በአንተ ቧንቧ ያልፋል?

በያጁ፦ አያልፍም። የቤት መጥመቂያዎች ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ጠባብ ነው፤ ድፍድፍ ገብቶበት አንዴ ከተደፈነ ዕቃው ሙሉ እያለ መፍቻ የለውም። ሁለት ኢንች ባደርገው እንኳ እንኩሮው እርስ በርሱ ተደግፎ ከቧንቧው በላይ ሊቆም ይችላል። እኔ ያሰብኩት ለሁለተኛው ደረጃ ነው። ድፍድፉ እንደ ወትሮው በጋን ይፍላ። ጠላው ጠንከር ብሎ ሳለ፣ ገና በስሱ እየፈላ፣ በጨርቅ አጥልለው ፈሳሹን ብቻ ወደ ሾጣጣው ያሳልፉት።

ጠማቂዋ፦ ለምን እየፈላ? እኔ ከረጋ በኋላ ነው የማጠልለው።

በያጁ፦ ስለ አየሩ ነው። ጠላ ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ወደ ሾጣጣው ከገባ በኋላ የሚወጣው ጋዝ በላዩ የቀረውን ባዶ ቦታ ይሞላዋል፣ አየሩን ገፍቶ ያስወጣል። ጨርሶ ከረጋ በኋላ ቢያስተላልፉት ግን ሲያጠልሉት የገባበት ኦክስጅን እዚያው ከጠላው ጋር ይዘጋበታል።

ጠማቂዋ፦ መኮምጠጡም ከዚህ ነው የምትለኝ?

በያጁ፦ መኮምጠጥ ሁለት ዓይነት ነው፣ እትዬ። አንደኛው እርጎን የሚያኮመጥጠው አሲድ ነው፤ ከጠላው ጋር ከጥንስሱ ጀምሮ አብሮ ያድጋል፣ አየር አይፈልግም፣ ልኩን ካላለፈ የጠላ ጣዕም ነው። ሁለተኛው አቼቶ ነው። አቼቶ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች አልኮሉን የሚለውጡት አየር ሲያገኙ ነው። ጋኑን ከፍተው በጣሳ በቀዱ ቁጥር አየር እየሰጧቸው ነው።

ጠማቂዋ፦ ቧንቧ ካለው አልከፍተውማ።

በያጁ፦ እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሩት ነገር አለ። በቧንቧም ቢቀዱ፣ ጠላው በወረደ ልክ አየር ከላይ ይገባል፤ ካልገባ ጠላው አይወርድም። ፋብሪካ ከላይ ጋዝ ይሰጠዋል። እርስዎ የጋዝ ሲሊንደር ካልገዙ መፍትሔው ሌላ ነው፦ ዝቃጩን ያውጡ፣ ከዚያ የጠራውን ጠላ በአንድ ቀን ሁሉንም ወደ 20 ሊትር ጀሪካኖች እስከ አፋቸው ሞልተው ይክደኑት። የሚሸጠው ይከፈታል፤ ሌላው ግን አይነካም። ክዳኑን አልፎ አልፎ ላላ አድርገው ጋዙን ያስተንፍሱት።

ጠማቂዋ፦ ይህን ያለ ሾጣጣም ማድረግ እችላለሁ እኮ።

በያጁ፦ ይችላሉ። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ይህን ማወቅ አለብዎት። የሚኮመጥጥብዎትን የሚያድነው መክደኑና መከፋፈሉ ነው፤ ሾጣጣው የሚያድነው ድፍርሱን ነው።

ጠማቂዋ፦ ጥሩ፣ ለይተህ ነገርከኝ። አሁን እኔ ልጠይቅህ። አተላዬስ? ጠላው ካለቀ በኋላ ጋኑ ላይ ውሃ ጨምሬ ቅራሪ አወጣለሁ፤ ቅራሪ ለቤት ሰው ነው፣ ለሠራተኛ ነው። ከዚያ አተላው ለላም ይሄዳል፤ አተላ የሚወስዱ ደንበኞች አሉኝ። ብረቱ ይህን ካስቀረብኝ አልፈልገውም።

በያጁ፦ አያስቀርብዎትም። ጋኑ ከቦታው አይነሣም አላልኩም? ፈሳሹ ወደ ብረቱ ሲሄድ ገለባውና እንኩሮው ጋኑ ውስጥ ይቀራል፤ እዚያው ላይ ውሃ ጨምረው ቅራሪዎን ያወጣሉ። በሾጣጣው ጫፍ የሚሰበሰበው ሌላ ነው፦ ቀጭን፣ ነጣ ያለ፣ አብዛኛው እርሾ የሆነ። እሱን ለሚቀጥለው ጥንስስ ይጠቀሙበት።

ጠማቂዋ፦ እርሾ ማስቀረትማ እኛም እናውቃለን። ከድፍድፉ ጥቂት እናስቀራለን፤ ጋኑም ቢታጠብ ከውስጡ ጨርሶ አይጠፋም፤ ለዚህ ነው በነባር ጋን የተጠነሰሰ ቶሎ የሚነሣው።

በያጁ፦ ሸክላ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ነው፤ እርሾውም ባክቴሪያውም እዚያ ያድራል። ለጠላዎ መልካም ነው፤ ግን አንድ ጊዜ መጥፎው ከገባ የሚወጣበት መንገድ የለም። ብረቱ ተቃራኒው ነው፦ ምንም አያስቀምጥም። ስለዚህም ጭሱን አይቀበልም፣ እትዬ። በወይራ ቢያጥኑት ጢሱ ሸክላው ውስጥ እንደሚገባው አይገባም።

ጠማቂዋ፦ ያለ ወይራ ጢስ ጠላ የለም። ደንበኞቼ ጋኑ ሳይታጠን የቀረ ቀን በመጀመሪያው ጉንጭ ያውቁታል።

በያጁ፦ ጋኑን እንዳይጥሉ የምለውም ለዚህ ነው። ጢሱንና እርሾውን ጋን ይስጥ፤ ማጥራቱን ብረቱ ይሥራ።

ጠማቂዋ፦ ተስማማን። አሁን ወደ ብረቱ። ምን ዓይነት ላሜራ ነው? ገበያ ላይ ሁሉም የሚያብረቀርቀውን ስቴንለስ ይለዋል።

በያጁ፦ ለምግብ የተለመደው 304 የሚባለው ነው። ማግኔት ያስጠጉበት፤ አጥብቆ ከያዘ 304 አይደለም። ካልያዘ ግን አረጋገጥኩ አይበሉ፤ 201 የሚባለው ርካሹም አይያዝም፣ እሱ ግን በአሲድና በጨው ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ ላሜራውን ሲገዙ የደረጃው ጽሑፍ ያለበትን ይጠይቁ። ጋልቫናይዝድ ከሆነ በጭራሽ አይንኩት፤ የጠላው አሲድ ዚንኩን ያሟሟዋል፣ የሚጠጣው ሰው ይታመማል።

ጠማቂዋ፦ ፕላስቲኩስ? ጎረቤቴ በርሜል ነው የምትጠቀመው፤ ነጌሌ አርሲ አረቄ የሚያወጡትም ድፍድፋቸውን በበርሜል ሲያደርጉ አይቻለሁ።

በያጁ፦ ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ክፉ አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም። ግን ሁለት ነገር አለ። መጀመሪያ በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘ ይወቁ፤ ኬሚካል ይዞ የመጣን በርሜል እጥበት አያድነውም። ቀጥሎ ፕላስቲክ በሽቦ ከተፈተገ ይጫጫራል፣ ጭረቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይደበቃል። የፈላ ውሃም ያለሰልሰዋል። ብረቱ ግን የፈላ ውሃ ይችላል፤ በሻሸመኔ ከፍታ ውሃ በ93 ወይም በ94 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ ያም ቢሆን እርሾውንም የሚያኮመጥጡትንም ባክቴሪያዎች ለመግደል ይበቃል።

ጠማቂዋ፦ እኔስ በበረኪና ላጥበው?

በያጁ፦ እባክዎ አይሁን። የበረኪና ክሎሪን ስቴንለሱን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይበላዋል። በሽቦም አይፈተግ። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ለስላሳ በሆነ ነገር፣ ከዚያ በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ በመጨረሻ በፈላ ውሃ። በግራዋ ቅጠል ማሸቱ ምንም አይጎዳውም።

ጠማቂዋ፦ ስንት ሊትር ትሠራልኛለህ?

በያጁ፦ በአንድ ጠመቃ ስንት ያጠልላሉ?

ጠማቂዋ፦ ለሠርግ ሲሆን አምስት ጀሪካን።

በያጁ፦ 100 ሊትር ማለት ነው። የስፋቱ ዲያሜትር 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ግራና ቀኝ ግድግዳው ጫፉ ላይ ሲገናኙ የሚሠሩት ማዕዘን 60 ዲግሪ ቢሆን፣ ሾጣጣው 43 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 28 ሊትር ይይዛል። ከላዩ የ50 ሳንቲ ሜትር ሲሊንደር ስንጨምር 98 ሊትር ይጨመራል። ጠቅላላው 126 ሊትር ገደማ ነው። አንዳንድ በያጅ ላሜራ ለመቆጠብ ሾጣጣውን ያሳጥረዋል፤ ያን ጊዜ እርሾው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ አልወርድም ይላል። ገንዘብ ከፍለው ጠፍጣፋ በርሜል ገዙ ማለት ነው።

ጠማቂዋ፦ ለ100 ሊትር ለምን 126?

በያጁ፦ ለአረፋው። የእርስዎ ጠላ አረፋውን ጋን ውስጥ ስለሚጨርስ እስከ 115 ቢሞሉት ችግር የለም፤ እንዲያውም ባዶው ቦታ ሲያንስ አየሩም ያንሳል። ከጥንስሱ ጀምሮ እዚሁ የሚፈላ ቢራ ከሆነ ግን ከ100 አይለፍ።

ጠማቂዋ፦ ክዳኑን አጥብቀህ ሥራልኝ። እንደ ምርጊት አየር የማያስገባ።

በያጁ፦ አየር የማያስገባ፣ ጋዝ ግን የሚያስወጣ። ይህን በደንብ ይስሙኝ፣ ሕይወት ያለበት ነገር ነው። በ100 ሊትር ጠላ ውስጥ 5 ኪሎ ስኳር ወደ አልኮል ቢለወጥ ከ1,000 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣል። የጭቃ ምርጊት ሲበዛበት ይሰነጠቅና ያስተነፍሳል። ብረት አይሰነጠቅም፤ ግፊቱን ይዞ ይዞ ክዳኑን ያፈናጥራል። እኔ የምሠራው ግፊት እንዲይዝ የተፈተሸ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ክዳኑ ላይ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ቱቦ ይኖራል፤ ጫፉ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ጋዙ በውሃው ውስጥ እየተንቦለቦለ ይወጣል፣ አየር ግን አይመለስም። ከታች ሲቀዱ ቱቦውን ከውሃው ያውጡት፤ አለዚያ የጠርሙሱን ውሃ ወደ ጠላው ይስባል።

ጠማቂዋ፦ ቁመቱስ? እኔ ረጅም ሴት አይደለሁም።

በያጁ፦ ጀሪካን ከሥሩ እንዲገባ መውጫውን ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር አነሣዋለሁ። ጠቅላላ ቁመቱ 1 ሜትር ከ33 ይሆናል። ባዶውን በ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከሠራሁት ከነእግሩ ከ20 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ እግሩን ተፈቺ አደርገዋለሁ፣ ሁለት ሰው አጋድሞ ያጥበዋል። ሙሉውን ግን ከ120 ኪሎ በላይ ነው፤ ሦስቱን እግር በአግድም ብረት አስራቸዋለሁ፣ እርስዎም ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያስቀምጡት።

ጠማቂዋ፦ ብየዳህስ? በሩን የበየድክልኝ ጊዜ ያ ሁሉ ጉብታ ነበረው።

በያጁ፦ በርና መጥመቂያ አንድ አይደሉም። ይሄ በአርጎን ጋዝ ነው የሚበየደው። ከውስጥ በኩልም አርጎን እየነፋሁ ካልበየድኩት የመገጣጠሚያው ጀርባ ይቃጠላል፣ ሻካራ ይሆናል፤ ዝገትም መኮምጠጥም የሚጀምረው እዚያ ነው። ከበየድኩ በኋላ ከውስጥ አለሰልሰዋለሁ። ሲረከቡኝ አይንዎን ጨፍነው ጣትዎን በመገጣጠሚያው ላይ ያስኪዱት፤ የሚይዝዎት ቦታ ካለ አይቀበሉኝ።

ጠማቂዋ፦ እንዲህ ያለ ሙያተኛ ይባረክ። ቧንቧውስ የውሃ ቧንቧ ይሆናል?

በያጁ፦ የተለመደው ቦል ቫልቭ ከኳሱ ጀርባ ጠላ ያስቀራል፤ ታጥቦ አይጠራም። ተፈትቶ የሚታጠብ ቫልቭ፣ በማያያዣ ቀለበትና በጎማ የሚገጠም፣ ያ ነው የሚሻለው። ዋጋው ከፍ ይላል። ገንዘብ ካጠረ ግን ቅደም ተከተሉን ልንገርዎት፦ መጀመሪያ ላሜራውና ብየዳው፣ ሁለተኛ ክዳኑና ቱቦው፣ ሦስተኛ የሚፈታው ቫልቭ። ማቀዝቀዣ ሽፋን፣ መስታወት መመልከቻ፣ የሚያብረቀርቅ ውጫዊ ገጽ፣ እነዚህ የመጨረሻ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ኋላ አይታረሙም፤ የኋለኞቹ ግን ሲኖር ይጨመራሉ።

ጠማቂዋ፦ የእህቴ ልጅ እኔም ቢራ ልሞክርበት ይላል። የኮፈሌ ገብስ አሰላ ሄዶ ብቅል ይሆናል፤ እዚሁ ደጃችን ያለ ነገር ነው ይላል።

በያጁ፦ እውነቱን ነው፤ አሰላ ብቅል ፋብሪካ ከዚሁ ከአርሲና ከባሌ ገብስ ነው የሚሠራው። ቢሞክር ደስ ይለኛል። ግን ለቢራ ሙቀቱ ይከብዳል። ቅድም ያልኩት 5 ኪሎ ስኳር ሲፈላ፣ ሙቀቱ የሚወጣበት ባያገኝ 100 ሊትሩን በ7 ዲግሪ ያሞቀዋል። ላገር የሚባለውን፣ ፋብሪካዎቻችን የሚጠምቁትን ዓይነት፣ ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ማፍላት ያስፈልጋል፤ ያለ ማቀዝቀዣ አይሆንም። ኤል የሚባለው ግን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይፈላል፤ ለዚያ የሻሸመኔ አየር ይስማማዋል። ቀን ሲሞቅ እርጥብ ጆንያ ይጠቅልልበት፤ ውሃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል።

ጠማቂዋ፦ ከጠላዬ ጋር በአንድ ዕቃ?

በያጁ፦ ብረቱ ከታጠበና በፈላ ውሃ ከተለቀለቀ ይሆናል። ጎማዎቹና ቱቦው ግን የየራሳቸው ይሁኑ፤ ጎማ የጠላውን ባክቴሪያ ይይዛል፣ ቢራውን ያኮመጥጥበታል።

ጠማቂዋ፦ እንግዲህ እኔም ልፍረድ። ሥራው። ግን አንድ ብቻ። ሁለተኛውን የማዝዘው አይቼ ነው።

በያጁ፦ እንዴት አድርገው ያዩታል?

ጠማቂዋ፦ ከአንድ ድፍድፍ፣ በአንድ ቀን አጥልዬ፣ ግማሹን በጋን ግማሹን በብረትህ አስቀምጣለሁ። ሁለቱንም በእኩል ቀን ወደ ጀሪካን እቀዳለሁ። በኦሮምኛ ፋርሶ የሚለውም በአማርኛ ጠላ የሚለውም ደንበኛዬ የትኛው ከየት እንደሆነ ሳይነገረው ይቅመስ። ጥራቱን በመጀመሪያው ቀን፣ መኮምጠጡን በአምስተኛው ቀን እጠይቃቸዋለሁ።

በያጁ፦ ፋብሪካም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መመዘኛ የለውም።

ጠማቂዋ፦ ጋን ከእናቴ የተማርኩት ነው፤ ስለወደድኩት ብቻ አልከራከርለትም፣ ብረቱም አዲስ ስለሆነ ብቻ አላደንቀውም። ጠላ የሚጠጣው ሰው ነው፤ የሚፈርደውም እሱ ይሁን። አንተ ብቻ ብየዳውን አሳምርልኝ።

በያጁ፦ አሳምራለሁ። ካልተሳካ ላሜራው የእርስዎ፣ የእጄ ዋጋ ይቀራል።

ጠማቂዋ፦ አይቀርም፣ ልጄ። ለሠራኸው ትከፈላለህ። የሚጠራልኝና የማይጠራልኝ ጠላ የትኛው እንደሆነ ማወቄ ራሱ ዋጋ አለው። ቀብዱን ዛሬ ውሰድ፤ ላሜራውን ስትገዛ ግን እኔም እመጣለሁ፣ ማግኔቱን ራሴ ነኝ የማስጠጋው።